ሊኒየር ቮልቴጅ ሬጉሌተርን ከ1.25 ቮልት በታች ማውረድ

ሊኒየር ቮልቴጅ ሬጉሌተር ከፍ ያለና የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ተቀብሎ፣ ትርፉን በሙቀት መልክ እያስወገደ፣ ዝቅ ያለና የተረጋጋ ቮልቴጅ የሚሰጥ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው። ከሚስተካከሉት ዓይነቶች በብዛት የሚታወቀው ባለ ሦስት እግሩ ኤልኤም317 ሲሆን፣ በሁለት ሬዚስተሮች ብቻ ከ1.25 እስከ 37 ቮልት ድረስ ይስተካከላል። ከዚህ በታች፣ ለምሳሌ 1 ቮልት ወይም ግማሽ ቮልት ሲፈለግ ግን የተለመደው አሠራር አያገለግልም።

ምክንያቱ ከሬጉሌተሩ ውስጥ ነው። ኤልኤም317 በመውጫ እግሩና በማስተካከያ እግሩ መካከል ያለውን ልዩነት ሁልጊዜ 1.25 ቮልት ገደማ አድርጎ ይይዛል። ይህ ቁጥር የሲልከን ባሕርይ ውጤት ነው፤ በትራንዚስተር ቤዝና ኤሚተር በተባሉት ሁለት እግሮች መካከል ያለው ቮልቴጅ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በ2 ሚሊ ቮልት ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከሙቀት ጋር የሚያድግ ሌላ ቮልቴጅ ተመጥኖ ሲጨመርበት ለውጡ ይቻቻልና ድምሩ እዚያው አካባቢ ይረጋል። ስለዚህ የማስተካከያው እግር በቀጥታ ከግራውንድ (ቮልቴጅ ከሚለካበት የዜሮ መነሻ) ጋር ቢያያዝ እንኳ መውጫው ከ1.25 ቮልት አይወርድም። ነገር ግን፣ ዋናው ቁም ነገርም ይኸው ነው፣ ኤልኤም317 የግራውንድ እግር ስለሌለው ግራውንድ የት እንዳለ አያውቅም። የማስተካከያው እግር ከግራውንድ በታች ወደ −1.25 ቮልት ከተሳበ መውጫው ዜሮ ይሆናል።

ለዚህም ከግራውንድ በታች ቮልቴጅ የሚሰጥ አነስተኛ ኔጌቲቭ ምንጭና ይህን ቮልቴጅ −1.25 ገደማ ላይ የሚያረጋ የ1.2 ቮልት ያህል ሪፈረንስ ዳዮድ ያስፈልጋሉ። ከመውጫው ወደ ማስተካከያው እግር 120 ኦም፣ ከማስተካከያው እግር ወደ −1.25 ቮልት ደግሞ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ይገባል፤ ተለዋዋጩ 96 ኦም ላይ ሲደርስ መውጫው 1 ቮልት፣ ዜሮ ኦም ላይ ሲደርስ ዜሮ ቮልት ነው። በ120 ኦሙ የሚያልፈው 10 ሚሊ አምፔር ያህል ከረንት ሬጉሌተሩ ያለ ሎድም (ከረንት የሚወስድ መሣሪያ ሳይያያዝበትም) ሥራውን እንዳይስት ይረዳዋል፤ ኔጌቲቩ ምንጭ ግን ይህን ከረንት ከሪፈረንሱ ድርሻ ጋር መሸከም አለበት። ኔጌቲቩ ከጠፋ ወይም ከፖዘቲቩ ዘግይቶ ከመጣ፣ ሪፈረንስ ዳዮዱ በተቃራኒው አቅጣጫ ያስተላልፍና መውጫው ከተስተካከለበት በ2 ቮልት ገደማ ሽቅብ ይዘላል። በ1 ቮልት ለሚሠራ ቺፕ ይህ ጥፋት ስለሆነ፣ ኔጌቲቩ ቀድሞ መነሣቱን ማረጋገጥ ሊዘለል አይገባም።

አንዳንዶች በመውጫው ላይ ሁለት ዳዮዶች በተከታታይ አስገብተው ትርፉን ይቀንሳሉ። የዳዮዶቹ ቮልቴጅ ከሎዱና ከሙቀቱ ጋር ስለሚለዋወጥ የሬጉሌተሩ መረጋጋት እዚያው ይጠፋል፤ ለትክክለኛ ሥራ አይመከርም።

የተሻለው መፍትሔ የተገኘው የሪፈረንሱ ዓይነት ሲለወጥ ነው። ኤልቲ3080 የተባለው ሬጉሌተር በውስጡ በቮልቴጅ ሪፈረንስ ፋንታ የ10 ማይክሮ አምፔር የከረንት ምንጭ ስለያዘ፣ አንድ ሬዚስተር ብቻ ቮልቴጁን ይወስናል፤ 100 ኪሎ ኦም 1 ቮልት ይሰጣል፣ ዜሮ ኦም ደግሞ ወደ ዜሮ ያወርዳል። ዜሮ አጠገብ ለመድረስ ግን ቢያንስ 1 ሚሊ አምፔር የሚወስድ ሎድ ሊኖረው ይገባል።

ቮልቴጁ ዝቅ ባለ ቁጥር ሙቀቱ ይከብዳል። ከ12 ቮልት 1 ቮልት በ1 አምፔር ሲወጣ 11 ዋት በሙቀት ይባክናል፤ ኤልኤም317 ያለ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያስወግድ ብረት) ይህን ሊችል ስለማይችል ራሱን ይዘጋል። መግቢያውን ዝቅ ማድረግ ይረዳል፤ ነገር ግን ኤልኤም317 ከመውጫው በላይ 2 ቮልት ያህል ይፈልጋል። ኤልቲ3080 የውስጥ መቆጣጠሪያውን ከተለየ እግር ስለሚመግብ፣ ያ እግር 3.3 ቮልት እያገኘ ዋናው መግቢያ 1.5 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚባክነው ግማሽ ዋት ገደማ ብቻ ነው።