«ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ፣ ሙሉውን ይከፍሉኛል»

ደብረ ብርሃን ላይ የመኪና ካሳ ጉዳይ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም የሚያበሳጨኝ ይኼው አርዕስቱ ላይ ያሰፈርኩት አባባል ነው።

«ሙሉ» የተባለው የሚሸፍናቸው የአደጋ ዓይነቶች ስለሚበዙ ነው። ብሩን የሚወስነው ውሉ ላይ ያስመዘገባችሁት ዋጋ ነው። አንዳንዱ አረቦን (ለኢንሹራንሱ የሚከፍለው ገንዘብ) እንዲቀንስለት ብሎ 2 ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ያስገባል። የሚበዛው ግን የዛሬ ስንት ዓመት በገዛበት ዋጋ ዝም ብሎ እያደሰ የሚኖረው ነው። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ከዋጋው በታች ለተመዘገበ ንብረት፣ የጎደለውን ድርሻ የሚሸከመው ባለቤቱ ነው። ግማሹን ካስመዘገባችሁ የጥገናውም ግማሽ የእናንተ ነው።

አንድ ክረምት ጣርማ በር ላይ፣ በጉም ውስጥ የቆመ ሲኖትራክ ከኋላ የገጨ አይሱዙ መጣልኝ። ኮፈኑ ተጨማዶ ራዲያተሩ ላይ ተለጥፏል። የጋራዡ ፕሮፎርማ 300 ሺህ ብር። መኪናው የተመዘገበው በግማሽ ዋጋው ስለነበር 150 ሺህ ታሰበ፤ ከዚያም ላይ ኤክሰስ፣ ማለትም በውሉ መሠረት ባለመኪናው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ፣ ተቀነሰ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ አረቦኑን አንድ ዓመት እንኳ አሳልፌ አላውቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ፕሮፎርማውን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በየዕድሳቱ የዛሬውን የገበያ ዋጋ ጠይቃችሁ አስተካክሉ የምለው እኚህ ሰው ትዝ እያሉኝ ነው።

ሌሎችም የምሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች አሉ። «ሦስተኛ ወገን አለኝ፣ መኪናዬን ያሠሩልኛል።» በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው ይህ ሽፋን እናንተ ለጎዳችሁት ሰውና ንብረት ነው። ለራሳችሁ መኪና አንድ ብሎን አይገዛም።

«ጥፋቱ የኔ ከሆነ ካሳ የለም።» ሙሉ ኢንሹራንስ ካላችሁ አለ። ቸልተኝነት ይሸፈናል፤ ሆን ብሎ የተደረገ አይሸፈንም።

«ገጭቶ ያመለጠው ካልታወቀ ተጎጂው ሜዳ ላይ ቀረ።» አልቀረም፤ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። የፖሊስ ማስረጃ ይዛችሁ ጠይቁ።

«በሽምግልና ጨርሰን የከፈልኩትን ኢንሹራንሱ ይተካልኛል።» ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ስንቱ በዚህ ተጎድቷል! ሽምግልናችንን አከብራለሁ። ነገር ግን ኢንሹራንሱ ሳያውቅ ጥፋት ማመንና ካሳ ቃል መግባት ውሉ የሚከለክለው ነው። መጀመሪያ የተጎዳውን ሰው ሐኪም ቤት አድርሱ፤ ትራፊክ ፖሊስ ጥሩ፤ ፎቶ አንሱ፤ በዚያው ቀን ለኢንሹራንሱ ደውሉ። ሽማግሌ ከዚያ በኋላ ይቀመጥ። ጋራዡም የኢንሹራንሱ ሰው መኪናውን አይቶ ሳይጨርስ አንድ ዕቃ እንዳይፈታ።