ፌሮን የሚተካው ክር፦ በመረብ የተጠናከረ ኮንክሪት

ጎንደር ላይ ከማራኪ እስከ አዘዞ የሚወጣው ፎቅ ሁሉ አጥንቱ ፌሮ ነው። ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፤ ሲጎትቱት ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ጉተታውን የሚሸከምለት ፌሮው ነው። በመረብ የተጠናከረ ኮንክሪት ይህንኑ ሥራ መረብ ሆኖ ለተሠራ ክር ይሰጠዋል። ጭቃ ውስጥ ጭድ ለሚቀላቅል አገር ሐሳቡ እንግዳ አይደለም።

ክሩ አብዛኛውን ጊዜ ካርቦን ወይም መስታወት ነው። ተራ መስታወት አይሆንም፤ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው አልካላይ የሚባል ኬሚካል ይበላዋል። ስለዚህ ዚርኮኒየም የተጨመረበት ይመረጣል። ካርቦን ደግሞ አይዝግም። ፌሮ ከዝገት እንዲጠበቅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት መልበስ አለበት፤ መረቡ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስስ ገበታ መሥራት የሚቻለው ለዚህ ነው። ጠጠሩም በመረቡ ቀዳዳ እንዲያልፍ በጣም ደቃቅ ይሆናል።

ምርምሩ ጀርመን ውስጥ፣ በተለይ በድሬስደንና በአኸን፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስፋት ተካሂዷል። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬስደን ላይ በካርቦን ኮንክሪት የተሠራ ሙሉ ሕንፃ ተጠናቋል።

ጥንካሬ በሜጋ ፓስካል ይለካል፤ አንዲት የካርቦን ክር ከ3000 ሜጋ ፓስካል በላይ ትችላለች። የተለመደው ፌሮ ወደ 500 ገደማ ላይ መለጠጥ ይጀምራል። ቁጥሩ ያጓጓል፣ ግን ያሳስታል። መረቡ የሚሠራው በሺዎች ከሚቆጠሩ ቀጫጭን ክሮች ጥቅል ነው። የሲሚንቶው ውሁድ የሚይዘው የውጪዎቹን ነው፤ ወደ መሃል አይዘልቅም። ጭነት ሲመጣ የውጪዎቹ ቀድመው ይበጠሳሉ፤ የውስጦቹ ይንሸራተታሉ። እንግዲህ ወሳኙ የክሩ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን አያያዙ ነው። ጥቅሉን ኢፖክሲ በሚባል ማጣበቂያ ወይም በጎማ መሰል ነገር መንከር በጣም ይረዳል። ችግሩ እሳት ነው፦ ካርቦኑ ሳይነካ ማጣበቂያው ቀድሞ ይለሰልሳል።

ገበታውን ቢጎትቱት መጀመሪያ እንደ አንድ አካል ይቆማል። ከዚያ አንድ ስንጥቅ ይከፈታል፤ መረቡ ስንጥቁን ተሻግሮ ጭነቱን ሲይዘው ሌላ ስንጥቅ ይከተላል፤ እንዲህ እያለ ብዙ ስስ ስንጥቅ ይሞላል። በመጨረሻ ጭነቱን መረቡ ብቻ ይሸከመውና ድንገት ይበጠሳል። ፌሮ ከመሰበሩ በፊት ይለጠጣል፤ ካርቦን ይህ ጸባይ የለውም። ማስጠንቀቂያ የሚሆነው የስንጥቁ ብዛትና የገበታው መጉበጥ ነው። መሐንዲሶች በስሌቱ ላይ ሰፊ መጠባበቂያ የሚተዉትም ለዚህ ነው።

ለጎንደር ከአዲስ ሕንፃ ይልቅ ጥገናው የሚቀርብ ይመስለኛል። ጣሊያን ውስጥ በመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዱ የድንጋይ ግድግዳዎችን በኖራ ልስን ውስጥ መረብ አስገብቶ ማጠናከር የታወቀ ነው። ኖራው ለአሮጌ ግድግዳ ይስማማል፤ እርጥበት ያሳልፋል። የፋሲል ግቢ አብያተ መንግሥታትም በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተደረገላቸው ጥገና አልተስማማቸውም። ሆኖም መረብና ልስን የድንጋዩን ፊት ይሸፍናል። በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበ ግንብ ላይ ይህን ማን ይፈቅዳል? ፒያሳ አካባቢ ላሉት ልስን ያላቸው የጣሊያን ዘመን ቤቶች ግን ሊታሰብበት ይችላል። እዚያም ቢሆን ልስኑ ከድንጋዩ ጋር በደንብ ካልያዘ፣ መረቡ የቱንም ያህል ቢጠነክር ከነልስኑ ተገንጥሎ ይወድቃል።