«ቤት ስጫወተው እኮ ይሳካልኛል»

ክራር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ተጫውተው ሲመለሱ የሚሉኝ ነገር ሁሌም አንድ ነው፦ «ቤት ስጫወተው እኮ ይሳካልኝ ነበር።» የእህቱ ሠርግ ላይ የተጫወተውም ይህንኑ ይላል፣ በመሥሪያ ቤቷ የበዓል ዝግጅት ላይ የወጣችውም ይህንኑ ትላለች። እውነታቸውን ነው፣ ቤት ይሳካላቸዋል። ቤት የተሳካ ዘፈን ለመድረክ ደርሷል ብለው ማመናቸው ግን አንገብግቦኛል። አንድ በአንድ ልናገረው።

ቤት እንዴት እንደምትለማመዱ አስቡት። ክራሩን ታነሳላችሁ። መሃል ላይ ጣት ይስታል፤ ታቆሙና ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። ሁለተኛው ትንሽ ይሻላል። አራተኛው ላይ እጅ ይሞቃል፣ ዜማው ይፈስሳል፣ «በቃ፣ ያዝኩት» ብላችሁ ክራሩን ትሰቅላላችሁ። መድረክ ላይ አራተኛ የለም። ሰው የሚሰማው ያንን የመጀመሪያውን ነው፣ እሱንም በቀዘቀዘ እጅ።

ደረጃችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ ከሥራ እንደገባችሁ፣ ጫማ ሳታወልቁ፣ ስልካችሁን መቅጃ ላይ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወቱት። ቢበላሽም እስከ መጨረሻው ሂዱ። በዚያ ቀን መልሳችሁ አትሞክሩት። ያ ቅጂ ነው ደረጃችሁ። እሱ ለጆሮ የሚበቃ ሲሆን ያኔ ስለ መድረክ እናውራ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ችግር አለ። ጣት በሳተ ቁጥር የሚያቆም ሰው ሳያውቀው ማቆምን እየተለማመደ ነው። እጅ የለመደውን ያደርጋል። አንድ ተማሪዬ ሠርግ ላይ ግርፍ ጀመረ፤ ግርፍ ማለት ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ሲመታ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ይዞ ዝም የሚያሰኝበት አመታት ነው። ሰዉ ተነስቶ እስክስታ ያዘ። ግራ እጁ አንድ ክር ሳይይዝ ቀረ፣ አንዲት የማትገባ ድምፅ ወጣች። ማንም ልብ አላላትም። እሱ ግን ደንግጦ ቀኝ እጁን አቆመ። ያኔ የሁሉም ትከሻ በአንዴ ቆመ፣ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ግርፍ ላይ ግራ እጅ ቢስት ቀኝ እጅ ይሸፍነዋል። ቀኝ እጅ ከቆመ የሚሸፍነው የለም። ስለዚህ ቤት ስትለማመዱም ከሳታችሁ በኋላ ቀኝ እጃችሁን ሳታቋርጡ የሚቀጥለው ስንኝ ላይ መግባትን ተለማመዱ። ይሄ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፣ ጊዜ ስጡት።

«ፍርሃቱ ሲለቀኝ እወጣለሁ» የሚሉም አሉ። ቁጭ ብለው ቢጠብቁት አይለቅም። ሰው ፊት ስንቆም ሰውነታችን አድሬናሊን ይረጫል። ልብ ይፈጥናል፣ ጣት ይቀዘቅዛል፣ መዳፍ ያልባል። ይሄ ለጀማሪም ለነባርም የሚመጣ ነገር ነው። ነባሩ የሚለየው ስለሚያውቀው ነው። ልብ ሲፈጥን የዘፈኑም ምት አብሮ እንደሚፈጥን ያውቃል፣ ስለዚህ ከወትሮው ቀስ ብሎ ይጀምራል። እናንተም «ይሄማ ዘገመ» የሚያሰኛችሁን ፍጥነት ያዙ፤ ከታች ላለው ሰው ልክ ነው። መግቢያችሁን ደግሞ ከምትችሉት ሁሉ ቀላሉን አድርጉት። ከባዱን ድርደራ መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ በራስ ላይ መፍረድ ነው።

«አንድ ቢራ እጅ ያረጋጋል።» አያረጋጋም። ጣትን ያሰንፋል፣ ጆሮንም ያደክማል።

«ክራር በዘር ነው።» በልምምድ ነው።

«ባንድ ከሌለ ክራር ብቻውን አይሞላም።» ይህን የሚሉኝን ክራር እየተጫወቱ የዘፈኑትን ካሳ ተሰማን፣ ሜሪ አርምዴን፣ አስናቀች ወርቁን ስሙ እላቸዋለሁ። አንድ ክራርና አንድ ድምፅ ምን ያህል እንደሚሞላ ከእነሱ በላይ የሚያስረዳ የለም።

አሁን ወደ ቅኝት ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። «ቤት ቃኝቼው ነው የመጣሁት» ማለት ምንም ማለት አይደለም። የናይለን ክር አዲስ ሲሆን ይለጠጣል፣ ረግቶ ቅኝት እስኪይዝ ቀናት ይፈልጋል። አንድ ልጅ ድምፁ እንዲጠራለት ብሎ ሊጫወት ባለበት ቀን ጠዋት ክሮቹን በሙሉ ቀየረ። ማታ የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ሁሉም ወርደው ነበር፤ እሱ ትዝታ ይዘፍናል፣ ክራሩ ሌላ ነገር ይላል። ክር መቀየር ካለባችሁ ከሳምንት በፊት ቀይሩ፣ በየቀኑም እየቃኛችሁ ተጫወቱበት። ክራሩ ላይ የተወጠረው ቆዳም አየር ያውቃል። እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፣ በመብራት ሙቀት ሲደርቅ ይወጠራል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ክረምት ላይ ክራሩን ከቀዘቀዘ መኪና አውጥታችሁ ቀጥታ የሞቀ አዳራሽ ውስጥ አትቃኙት። ቀድማችሁ ድረሱ፣ ከቦርሳው አውጡት፣ የአዳራሹን አየር ይልመድ፣ ከዚያ ቃኙ። ልትወጡ ስትሉ እንደገና ቃኙ።

የዘፈን ምርጫም ከቅኝት ጋር ይሄዳል። ጀማሪ ሁለት ዘፈን ይመርጣል፤ አንዱ በትዝታ ሜጀር ቅኝት፣ ሌላው በአምባሰል ቅኝት። ሁለቱንም አሳምሮ ይችላቸዋል። ግን ከትዝታ ሜጀር ወደ አምባሰል ለመሄድ ከቅኝቱ አምስት ድምፆች (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ) ሦስቱ መቀየር አለባቸው፦ ሬ እና ላ ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፣ ሚ ወደ ፋ ይወጣል። ወደ ትዝታ ማይነር እንኳ ቢሆን ሁለቱ ይወርዳሉ። ይህን ሁሉ እጅ እየተንቀጠቀጠ፣ ሰው እያየ፣ ሕፃን እያለቀሰ ክሮቹ የሚታሰሩበት ቀንበር ላይ ጎንበስ ብሎ ማስተካከል ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። ሁለቱንም ዘፈን ከአንድ ቅኝት ምረጡ። እምቢ ካላችሁ ሁለት ክራር ይዛችሁ ውጡ።

«ድምፁን የድምፅ ባለሙያው ያስተካክለዋል።» እሱ የለመደው ኪቦርድና ጊታር ከሆነ የእናንተን መሣሪያ ላያውቀው ይችላል። በገና የምትማር አንዲት ልጅ በዐቢይ ጾም ጉባኤ ላይ ልትደረድር ስትቀመጥ ባለሙያው እዝዝ የሚለውን ድምፅ የማይክ ብልሽት መሰለውና ቀንሶ ቀንሶ አጠፋው። ያ ድምፅ ከእንዝራው የሚመጣ ነው። በበርኩማው (ክሮቹ በሚያርፉበት ድጋፍ) እና በክሩ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ሆን ተብላ የምታወጣው ነው፤ በገናን በገና የሚያሰኘው እሱ ነው። ሄዳችሁ በትሕትና አስረዱ። ክራር ከሆነም ማይኩን ወደ ቆዳው አስጠጉልኝ በሉ።

ማይክ ስትፈትሹ ደግሞ «ሄሎ፣ ሄሎ» ብላችሁ አትውረዱ። ቤት የምትዘፍኑት ጎረቤት እንዳይሰማ በለሆሳስ ነው። አዳራሽ ውስጥ ድምፃችሁን ስትለቁት ያ የመረጣችሁት ከፍታ አልደርስበት ሊላችሁ ይችላል። የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ በሙሉ ድምፅ ዝፈኑት። ካስጨነቃችሁ፣ ሰዉ ሳይገባ ክራሩን አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙት።