ሞሪባንድ ምንድን ነው? ስለሚያጣጥር ነገር

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ካሴት ቤት አለ። አዎ፣ እስካሁን አለ። ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት ይከፍታል፣ መደርደሪያውን በጨርቅ ይወለውላል፣ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቶ ቁጭ ይላል። ካሴት የሚገዛ ሰው ግን የለም። የሚመጣው ሁሉ የሞባይል ካርድ ፈልጎ ነው፣ ወይ እንደኔ ወሬ ሊጠርቅ። ባለፈው አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ ዞር ዞር ብሎ አየና «ይሄማ ሞሪባንድ ነው» አለ። ባለቤቱ ሰምቶ «ምን ማለት ነው?» ሲለው ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ። ሰውየው ፊት ቆሞ «ሱቅህ እያጣጣረ ነው» አይባልማ።

ሞሪባንድ ከላቲን የመጣ የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው፤ ሥሩ መሞት ማለት ነው። መጀመሪያ የሚነገረው ሊሞት ለተቃረበ በሽተኛ ነው። ከዚያ ለድርጅት፣ ለፓርቲ፣ ለልማድ፣ ለቋንቋም ሆነ። አልሞተም፣ ግን መንገድ ጀምሯል።

እኛ ለዚህ ነገር በግሥ ነው የምንሄደው። «የሚያጣጥር» እንላለን፣ ወይ «ጣር ላይ ያለ»። ግዕዙ ስቃይን «ጻዕር» ይለዋል፤ ጣረ ሞት የምንለውም «ጻዕረ ሞት» ነው። ደስ የሚለኝ ግን ሌላ ነው። «ጣረ» ሁለት ፊት አለው፦ የሚለፋ ሰውም ይጥራል፣ ጥረት የምንለው ከዚያው ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሚያጣጥር ነገር ዝም ብሎ የተጋደመ አይደለም፣ ትንፋሽ ለማግኘት እየታገለ ነው። በርጩማው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ትዝ ይበላችሁ።

ቃሉ ከባድ መሆኑን አልክድም። ሰው ጣር ላይ ሲሆን ቤቱ ይለወጣል፤ የንስሐ አባት ይጠራሉ፣ የበሽተኛው ከንፈር በጥጥ ይርሳል፣ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጣሩን ያቅልልለት» ይላሉ። እንዲህ ካየነው ቃል ጋር ነው እንግዲህ «ስልኬ እያጣጣረች ነው፣ ቻርጀር አላችሁ?» ብለን የምንቀልደው። መካኒኮች እንኳን ከኛ ይሻላሉ፣ ለመኪና ባትሪ «ደክሟል» ነው የሚሉት።

በአካባቢው ያሉት ሌሎች አባባሎች አንድ አይደሉም። «ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ» ስንል ገና አልለየለትም፣ ወዲህም ወዲያም ሊሆን ይችላል። «ከሞቱት በላይ ካሉት በታች» ሰው ስለራሱ የሚላት ናት፣ እንዴት ነህ ሲሉት፣ ግማሽ ቀልድ ግማሽ እውነት። «ያከተመለት» ፍርድ ነው፣ ይግባኝ የለውም። «ከሰመ» ደግሞ ያለቀ ነገር ነው፤ በ2012 የኢሕአዴግ ድርጅቶች ወደ አንድ ፓርቲ ሲገቡ ዜናው ሁሉ «ከሰሙ» ይል ነበር፣ ማንም «እያጣጣሩ ነው» አላለም።

ታዲያ አንድ ነገር እያጣጣረ መሆኑ በምን ይታወቃል? በዚህ ላይ ጥሩ መለኪያ ያወጡት የቋንቋ ሰዎች ናቸው። አሜሪካዊው ማይክል ክራውስ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሞሪባንድ ቋንቋ ማለት ልጆች እንደ አፍ መፍቻ መማር ያቆሙት ቋንቋ ነው አለ። መውለድ እንዳቆመ የእንስሳ ዘር ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ስንት ሰው ይናገረዋል አላለም። ተናጋሪው ብዙ ሺህ ሊሆን ይችላል፣ ገበያ ላይም ሊሰማ ይችላል፣ ግን ትንሹ ተናጋሪ 50 ዓመት ካለፈው ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። ክራውስ አላስካ ውስጥ ከነበሩት 20 ያህል የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ልጆች የሚማሯቸው ሁለቱን ብቻ ነው ያገኘው። ከሃያዎቹ አንዱ ኢያክ ይባላል፣ ራሱ ብዙ የደከመበት ቋንቋ ነው። የመጨረሻዋ አፍ ፈቺ ተናጋሪ ማሪ ስሚዝ ጆንስ እ.ኤ.አ. በጥር 2008 አንኮሬጅ ከተማ ውስጥ አረፉ። የዚያን ቀን ኢያክ ከሚያጣጥር ወደ የሞተ ተሻገረ።

እኛም ጋ ሩቅ አይደለም። ጋፋት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ደብረ ታቦር አጠገብ ያለው፣ የቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሠራበት ቦታ ነው። ጋፋትኛ የሚባል ሴማዊ ቋንቋ እንደነበረ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የቋንቋ ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ዓባይ አካባቢ ተናጋሪ ፍለጋ ዞሮ፣ በስንት ልፋት ያገኘው አራት ሰው ነው። ልጆቻቸው አማርኛ ተናጋሪ ነበሩ። ዛሬ ደቡብ ኦሞ፣ ወይጦ ወንዝ ዳር ያሉት ኦንጎታዎችም እዚያው መንገድ ላይ ናቸው፤ ወጣቶቹ የጎረቤቶቻቸውን የፀማይን ቋንቋ ነው የሚናገሩት፣ የራሳቸው የቀረው ጥቂት ሽማግሌዎች ጋ ነው።

መለኪያው የሚንገዳገደው ግዕዝ ላይ ነው። በግዕዝ አፉን የሚፈታ ልጅ ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል፣ በክራውስ ሒሳብ ድሮ ተቀብሯል። ግን ቅኔ ቤት ገብታችሁ እዩ፤ ተማሪው የመምህሩን ቅኔ መሸምደድ አይበቃውም፣ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምጣት አለበት። እስራኤል ያሉት የቤተ እስራኤል ቄሶችም ጸሎታቸው በግዕዝ ነው። የሞተ ነው የሚሉት አሉ፣ እኔ አልስማማም። ተተኪ ያለው ነገር አያጣጥርም፣ ተተኪው በእናት ጡት ባይሆን በቆሎ ተማሪ አኮፋዳ ቢመጣም።

በዚህ ዓይን ካየነው የካሴት ቤቱ ነገር ግልጽ ነው። የባለቤቱ ልጅ ራይድ ይሠራል፣ ሱቁን ውሰድ ቢሉት የሚስቅ ይመስለኛል።

የሚከብደኝ ግን ሌላ ቤት ነው። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ የስድስት ዓመት ልጅ አላት። አማርኛን በጠቅላላው የሚያጣጥር የሚል ሰው ካለ ይሳቅበት፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ልጅ እየተኮላተፈበት ነው። ግን እዚያ ቤት ውስጥስ? እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። «ትሰማለች እኮ፣ መናገሩ ላይ ነው እንጂ» ትለናለች እናትየዋ፣ እዚያ ያለ ወላጅ ሁሉ የሚላት ነገር ናት። ባለፈው እሑድ አክስቴ ጋ ሆነን በቪዲዮ ደወለች። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑ ላይ ልትገባ ደርሳ «እንዴት ነሽ የኔ እናት?» አለቻት። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች፣ ትንሽ አሰበች፣ «ደህና ነኝ» አለችና ሮጣ ጠፋች።

አክስቴ ስልኩን አስቀምጣ ወደኔ ዞረች። «ሰማህ? ባለፈው እኮ ‹ደህና› ብቻ ነበር የምትለው።»