ከነሐሴ 3 እስከ 9 ሰማይ ላይ ምን አለ? የሚወራው እና እውነታው

ነሐሴ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ረቡዕ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 12 ቀን 2026፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። በዚያው ሌሊት ፐርሲድ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ትዕይንት ጫፉ ላይ ይደርሳል። ቅዳሜ ነሐሴ 9 ደግሞ ቬነስ በምሽቱ ሰማይ ከፀሐይ በጣም ርቃ የምትታይበት ቀን ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ግን ከዜናው ወሬው ቀድሞ ደርሷል። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን አንድ በአንድ እንየው።

"ነሐሴ 6 ምድር ለ7 ሰከንድ ስበቷን ታጣለች"

ይህ ወሬ የፈረንጆቹ 2026 ሊገባ ሲል ጀምሮ ዓለምን አዳርሷል። ከናሳ ሾልኮ ወጣ የተባለ ሰነድ ይጠቅሳል። ሰዓቱን ሳይቀር ቆርጦ ይናገራል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ከ33። ሰውና መኪና ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ይወድቃል፣ ሚሊዮኖች ያልቃሉ ይላል።

ናሳ ውሸት መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ስበት የሚመጣው ምድር ከያዘችው የቁስ ብዛት ነው። ቁሱ እስካለ ድረስ ስበቱም አለ። ለ7 ሰከንድ የሚጠፋበት መንገድ የለም።

"ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ሲሆኑ ይስቡናላ!" የሚል ካለ፣ ጨረቃ እኮ በየወሩ በእኛና በፀሐይ መካከል ታልፋለች። አብዛኛውን ጊዜ ግርዶሽ የማይሆነው የጨረቃ ምህዋር 5 ዲግሪ ያህል ዘመም ስላለ ጥላዋ ከምድር በላይ ወይም በታች ስለሚያልፍ ነው። በእነዚያ ቀናት የሚለወጠው ነገር የባሕር ውኃ ከወትሮው ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ ብቻ ነው። እንቅልፍ ያጡ ልጆች ካሉ ይህን ንገሯቸው። በጣም የሚያናድደኝ እነሱን ማስፈራራቱ ነው።

"ግርዶሹ ኢትዮጵያም ይታያል"

አይታይም። ግርዶሹ ጫፉ ላይ የሚደርሰው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ46 ነው። በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ጨልሟል። ገና ሲጀምር እንኳ እኛ ጋ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ጨረቃ ፀሐይን መንካት የምትጀምረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ34 ገደማ ነውና። ዱባይ፣ ሪያድና ቴል አቪቭ ያላችሁም እንደኛው ናችሁ።

የሙሉ ግርዶሹ ጥላ ከሰሜን ሳይቤሪያ ተነስቶ፣ በሰሜን ዋልታ አጠገብ አልፎ፣ ምሥራቅ ግሪንላንድንና ምዕራብ አይስላንድን ነክቶ ሰሜንና ምሥራቅ ስፔንን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያበቃል። ረጅሙ ጨለማ አይስላንድ አካባቢ 2 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ነው። የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክ ካሉት ውስጥ ሕፃናቱ ብቻ ሳይሆኑ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም አገራቸው ላይ ሙሉ ግርዶሽ አይተው አያውቁም። የመጨረሻው በፈረንጆቹ 1954 ነበር። ስፔን ውስጥ ቢልባዎ፣ ሳራጎሳና ቫሌንሲያ ጥላው ውስጥ ናቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስለሆነ ግን ምዕራቡ በተራራ ወይም በሕንፃ ያልተጋረደ ቦታ መፈለግ ግድ ነው።

ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያላችሁ ከፀሐይ ጠርዝ ትንሽ የተነከሰች ያህል ብቻ ታያላችሁ።

"99 በመቶ ከተሸፈነ ሙሉ ነው ማለት ነው"

አውሮፓ ላሉ ወገኖቻችን ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ለንደን ላይ 91 በመቶ ያህሉ ይሸፈናል። ማድሪድና ባርሴሎና ደግሞ ለትንሽ ከመስመሩ ውጭ ቀርተዋል። ማድሪድ ያለ ሰው "እዚሁ ሆኜ አያለሁ፣ ምን ልዩነት አለው?" ሊል ይችላል።

ልዩነቱ የቀንና የሌሊት ነው። ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400,000 ጊዜ ያህል ትደምቃለች። 1 በመቶዋ ብቻ ቢቀር የ4,000 ሙሉ ጨረቃ ብርሃን አለ ማለት ነው። ሰማዩ አይጨልም። ኮሮና የሚባለው ነጭ የፀሐይ አክሊልም አይታይም። ጥላው ውስጥ ያለ ሰው ግን በሰከንዶች ውስጥ ቀኑ ሲመሽበት ያያል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ወፎች ጸጥ ይላሉ፣ በጥቁሩ ክብ ዙሪያ አክሊሉ ይዘረጋል። ባቡር ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ ትንሽ መሄድ ለዚህ በጣም ያዋጣል።

"ግርዶሽ የተለየ መርዛማ ጨረር አለው፤ ነፍሰ ጡር መውጣት የለባትም"

የግርዶሽ ቀን ፀሐይ የትናንቷ ፀሐይ ናት። አዲስ ጨረር አትለቅም። ምግብ አይመረዝም፣ ፅንስም አይጎዳም። አደጋው ዓይን ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ማንኛውም ቀን ፀሐይን ትኩር ብሎ ማየት የሚያመጣው አደጋ ነው። ግርዶሹ የሚጨምረው ነገር ቢኖር፣ ብርሃኑ ቀነስ ስለሚል ሰው ሳይጨንቀው ረጅም ጊዜ እንዲያፈጥ መገፋፋቱ ነው። የዓይን ውስጠኛው ሽፋን ሕመም አይሰማውም። ሲቃጠል አይታወቅም፤ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ መሐል እይታ ሲደበዝዝ ነው።

"የራጅ ፊልም ወይም የፀሐይ መነጽር ይበቃል"

አይበቃም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበታማው ግርዶሽ ሲታይ የተለቀቁትን ምክሮች አስታውሱ፤ ዛሬም ያው ነው። የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ ሲዲ፣ ተራ የፀሐይ መነጽር አያድኑም። በሳፋ ውኃ ውስጥ የሚታየውን ነጸብራቅ ማፍጠጥም እንዲሁ። ብርሃኑን ቢያደበዝዙም የማይታየውን ጨረር ያሳልፋሉ። የሚያስፈልገው አይኤስኦ 12312-2 የሚል ደረጃ ያለው የግርዶሽ መነጽር ነው። ቁጥር 14 የብየዳ መስታወትም ይሆናል። መነጽር ከሌለ ካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅታችሁ፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ፣ ምስሉን ወረቀት ላይ ጣሉት። ትንሽ ግማሽ ጨረቃ ትወጣላችኋለች።

መነጽሩ የሚወልቀው በሙሉ ግርዶሽ ደቂቃዎች ብቻ ነው። ከፊል ግርዶሽ በሚታይበት ከተማ መነጽር የሚወልቅበት ሰከንድ የለም።

"6 ፕላኔቶች በአንድ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ"

ፕላኔቶች ሁሉም ከሞላ ጎደል በአንድ ዝርግ ላይ ስለሚዞሩ ሁልጊዜም ሰማይ ላይ በአንድ መንገድ ነው የሚገኙት። በዚያ ሳምንት ከንጋት በፊት ሳተርንንና ማርስን በዓይን ማየት ይቻላል። ጁፒተርና ሜርኩሪ ለፀሐይ ስለሚቀርቡ ከአድማሱ ብዙም አይወጡም። ኔፕቱን ያለ መሣሪያ አይታሰብም። የምታምረውስ ቬነስ ናት፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከ2 ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ በምዕራብ በኩል ታበራለች። ድሮን ወይም ሳተላይት እየመሰለቻቸው ቪዲዮ የሚለጥፉ አሉ። የማትንቀሳቀስ፣ የማትርገበገብ ደማቅ ነጭ ነጥብ ካያችሁ እሷ ናት።

"ተወርዋሪ ኮከብ የሚወድቅ ኮከብ ነው፤ ለማየትም ቴሌስኮፕ ይፈልጋል"

ከዚያ ሳምንት ለእኛ የሚደርሰን ይህ ነውና ልብ በሉ። ኮከብ አይወድቅም። ስዊፍት-ተትል የሚባል ጅራታም ኮከብ በ133 ዓመት አንዴ ገደማ ፀሐይን ይዞራል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው በፈረንጆቹ 1992 ነው። መንገዱ ላይ ብናኝ ጥሎ ያልፋል። ምድር በየነሐሴው ያንን ብናኝ ታቋርጣለች። አብዛኛው የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል ነው፤ ግን በሰከንድ 59 ኪሎ ሜትር እየበረረ አየራችንን ሲመታ ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይነድዳል። መሬት የሚደርስ ነገር የለም።

ቴሌስኮፕ እንዲያውም እይታ ያጠባል። እንጦጦ መውጣት አያስፈልግም። ጨለማ ቦታ ተንጋሎ ሰፊ ሰማይ ማየት፣ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ስልክ አለመክፈት፣ በቃ። ሰዓቱ ከረቡዕ ወደ ሐሙስ በሚያነጋው ሌሊት ከ8 እስከ 11 ሰዓት ነው፤ ፊትን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ማዞር ጥሩ ነው። ጨረቃ ስለማትኖር ሌሊቱ ድቅድቅ ይሆናል።

"በሰዓት 100" የሚለውን ቁጥር ግን አትጠብቁ። ያ ለፍጹም ጨለማና ኮከቦቹ የሚመነጩበት ነጥብ አናት ላይ ሲሆን ነው። ከአዲስ አበባ ያ ነጥብ ከ41 ዲግሪ አይበልጥም። በዚያ ላይ ነሐሴ ነው፤ ደጋው ላይ ደመና ሊሸፍነው ይችላል። ሶማሌ ክልል ቆላው ላይ ያለ ሰው የተሻለ ዕድል አለው። ኔጌቭ ሚጽፔ ራሞን ድረስ መሄድ የሚችል እስራኤል ያለ ወገን ደግሞ እድለኛ ነው፤ ቦታው በይፋ የተመዘገበ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ነው።

"ይህ ካመለጠ ሌላ አይመጣም"

ሙሉ ግርዶሽ ምድር ላይ የሆነ ቦታ በየ18 ወሩ ገደማ ይከሰታል። ቀጣዩ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፣ ኦገስት 2 ቀን 2027። "ዓለም ለ6 ደቂቃ ይጨልማል" ተብሎ በፈረንጆቹ 2025 የተወራው ይኸው ነው፤ ዓመቱም የተሳሳተ ነበር፣ "ዓለም" የሚለውም። ጥላው ደቡብ ስፔንን፣ ሰሜን አፍሪካን፣ ሉክሶርን፣ ጅዳንና መካን፣ የመንን አልፎ የሶማሊያን ጫፍ ይነካል። ጅዳ ላይ ጨለማው 6 ደቂቃ ገደማ ይቆያል፤ እዚያ ያላችሁ ብዙ ናችሁና ከደጃችሁ ሳትርቁ ታያላችሁ። ኢትዮጵያ ላይ ከፊል ነው፤ ወደ ሰሜንና ምሥራቅ በሄድን ቁጥር የሚሸፈነው ይጨምራል። መነጽሩን ከአሁኑ ማፈላለግ ይቻላል፤ በመጨረሻው ሳምንት ገበያ ላይ የሚወጣው ሁሉ እውነተኛ አይሆንም።