በትንሽ ብር የሚገጣጠም የጌም ኮምፒውተር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰሜን ሸዋ ከተሞች የራሱን የጌም ኮምፒውተር መገጣጠም የሚፈልግ ወጣት ብዙ ነው። ብሩ የሚጠራቀመው ደግሞ በመከራ ነው። አንዱ ከደመወዙ እየቆጠበ፣ ሌላው ዕቁብ እስኪደርሰው ጠብቆ ነው የሚገዛው። ያ ብር ግን ብዙ ጊዜ ጌሙን በሚያስኬደው ዕቃ ላይ ሳይሆን ስሙ በገነነው ዕቃ ላይ ያልቃል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። በዚያው ገንዘብ እጅግ የተሻለ ማሽን ማግኘት ይቻል ነበርና። ሱቅ ውስጥም በጓደኛሞች መካከልም ደጋግመው የሚሰሙትን አባባሎች እያነሳሁ እውነታውን ልንገራችሁ።

«ዋናው አይ7 መሆኑ ነው»

አይ7 ኢንቴል የሚሠራው ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስም ነው። ሱቅ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጋሼ፣ አይ7 ነው?» የሚል ነው። ጋሼም «አዎ፣ አይ7 ነው» ይላል። አልዋሸም። ግን ገዢው ገና ምንም አላወቀም። መጠየቅ የነበረበት «ስንተኛ ጄነሬሽን ነው?» ብሎ ነው።

ኮር አይ7-2600 በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ፕሮሰሰር ነው። 4 ኮር እና 8 ትሬድ አለው። (ኮር ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው፤ ትሬድ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚይዛቸው ሥራዎች ብዛት ነው።) በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮር አይ3-12100ኤፍም 4 ኮር እና 8 ትሬድ አለው። ቁጥራቸው እኩል ነው፤ ፍጥነታቸው ግን አይገናኝም። አንድ ኮር ለብቻው ሲለካ አይ3ቱ እጥፍ ያህል ይፈጥናል። እንደ ካውንተር ስትራይክ ያለ ጌም ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ይህንን የአንድ ኮር ፍጥነት ነው።

ጄነሬሽኑን ለማወቅ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር እዩ። 2600 ሁለተኛ፣ 8500 ስምንተኛ፣ 12100 አሥራ ሁለተኛ ነው። እስከ 14ኛው ጄነሬሽን ድረስ እንዲሁ ነው የሚነበበው። ዊንዶውስ 11 ከ8ኛ ጄነሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶች በቀር በይፋ አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ስለዚህ የድሮ አይ7 መግዛት ዛሬ በርካሽ ገብቶ ነገ የሚያስወጣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በኢንቴል ስም መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤፍ» ፕሮሰሰሩ ውስጥ ምስል የሚሠራው ክፍል (ግራፊክስ) የለም ማለት ነው። ያለ ግራፊክስ ካርድ ሞኒተሩ ላይ ምንም አይታይም።

«ግራፊክስ ካርዱ 4 ጂቢ ከሆነ ይበቃል»

ስንት ጂቢ ነው ብሎ ካርድ መምረጥ ብዙ ሰው ያከሰረ ነገር ነው። ጂፎርስ ጂቲ 730 በ4 ጂቢ ይሸጣል። ጂቲኤክስ 1650ም 4 ጂቢ ነው። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዋጋው የቀነሰው 730 ያጓጓል። ነገር ግን በዲዲአር3 ሜሞሪ የተሠራው 64 ቢት ጂቲ 730 በሰከንድ የሚያስተላልፈው 14.4 ጊጋባይት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጂቲኤክስ 1650 ግን 128 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ትልቅ ጎተራ ሠርቶ በሩን እንደማጥበብ ነው፤ እህሉ ቢኖርም አይወጣም። 730 ሰነድ ለመጻፍና ፊልም ለማየት ይበቃል። ለአዳዲስ ጌሞች ግን ብራችሁን አታባክኑበት።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ከጠቅላላው ገንዘብ ቢያንስ ሲሶው ለግራፊክስ ካርዱ ይሁን። በፉል ኤችዲ ሞኒተር ለሚጫወት ሰው ራዲዮን አርኤክስ 6600 ጥሩ ምርጫ ነው። 8 ጂቢ አለው፤ የሚፈልገው ኃይልም 132 ዋት ብቻ ነው። ያንን ካልቻላችሁ ጂቲኤክስ 1650 ወይም 1660 ሱፐር ፈልጉ። ለሚያብረቀርቅ ኬዝና ለባለመብራት ፋን የሚወጣው ብር እዚህ ቢጨመር ልዩነቱን ጌሙ ውስጥ ታዩታላችሁ።

«ፓወር ሰፕላይ ሁሉም ያው ነው»

አይደለም። ፓወር ሰፕላይ የኮምፒውተሩን ክፍሎች በኃይል የሚመግበው ሳጥን ነው። ከኬዝ ጋር በነጻ የሚመጣው ቀላል ፓወር ሰፕላይ ላይ 500 ዋት ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። እሱን ትታችሁ በጎኑ ያለውን ሰንጠረዥ አንብቡ። «12 ቮልት» በሚለው ሥር ያለውን የአምፔር ቁጥር በ12 አባዙ። 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚኖሩት በዚህ መስመር ነው። ትክክለኛ 550 ዋት የሆነ ፓወር ሰፕላይ በ12 ቮልት 45 አምፔር ገደማ ይሰጣል። ይህች ስሌት ሱቅ ውስጥ በአንድ ደቂቃ ትሠራለች፤ ማሽኑንም ታድናለች።

በሌላ በኩል 750 ዋት ካልሆነ የሚሉም አሉ። ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር እና አርኤክስ 6600 ካርድ ያለው ኮምፒውተር ጌም ላይ እያለ በአጠቃላይ 300 ዋት አያልፍም። ሠሪው ኤኤምዲ ለዚህ ካርድ የሚመክረው 450 ዋት ነው። ጥሩ ጥራት ያለው 450 ወይም 550 ዋት ይበቃል። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ደግሞ ምን ያህል ኃይል እንደማይባክን ይነግራል እንጂ የጥራት ዋስትና አይደለም።

ቀላል ፓወር ሰፕላዮች ላይ ከኋላ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ይኖራል። 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ። 115 ላይ ሆኖ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል።

«ስታብላይዘር ስላለኝ ዩፒኤስ አያስፈልገኝም»

ሁለቱ ሥራቸው የተለያየ ነው። ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል። መብራት ሲጠፋ ግን ኮምፒውተሩም አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ግን በውስጡ ባትሪ ስላለው ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓት እስክታጠፉ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል። ስትገዙ ላዩ ላይ «ቪኤ» ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ሳይሆን ዋቱን ጠይቁ። 650 ቪኤ የተባለው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው።

ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ስለሚቀበል ማታ ማታ መብራቱ ደከም ሲል አይጨነቅም። የሚያሰጋው መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው ድንገተኛ ኃይል ነው። መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ እስኪረጋጋም ጠብቁ። ኬዙን ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ደግሞ የቤቱ ሶኬት ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪሺያን አሳዩት።

«ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ማቀዝቀዣ አያስጨንቅም»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን ሙቀት የሚያወጣው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ በአንድ ዙር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይህንን ያካክሳል። በር ተዘግቶ፣ ከሰል ተያይዞ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ግን ብርዱ አይታሰብም፤ በዚያ ላይ ከሰሉ አመድ አለው።

ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። ከተማዋ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ወፍራም ነው፤ ግን ይሞቃል። እዚያ ያለ ሰው ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ይምረጥ። በሁለቱም ቦታ ከፊት የሚያስገባ አንድ ፋን፣ ከኋላ የሚያስወጣ አንድ ፋን መኖሩ ከውድ የውሃ ማቀዝቀዣ በላይ ይጠቅማል። ራይዘን 5 5600 እና አይ3-12100ኤፍ በካርቶናቸው ሲገዙ የራሳቸው ማቀዝቀዣ አላቸው፤ ለእነሱ ይበቃል። ኬዙን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ አቧራው አይጣል ነው።

ከፍታ ሌላም የማይታሰብ ነገር አለው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያነበው ራስ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ነው። ብዙዎቹ አምራቾች በአየር የሚሠራ ዲስካቸው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚያገለግል ነው የሚጽፉት። በመንዝ ከዚያ በላይ ከፍ ያሉ ቦታዎች አሉ። እዚያ ለሚኖር ሰው ኤስኤስዲ (የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ማከማቻ) ከፍጥነቱ ባሻገር የደኅንነት ጉዳይ ነው። የትኛው ኤስኤስዲ ለሚለው ደግሞ ብዙ አትጨነቁ። ከሃርድ ዲስክ ሳታ ወደሚባለው የኤስኤስዲ ዓይነት ሲኬድ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከሳታ ኤንቪኤምኢ ወደሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ሲኬድ ግን አብዛኞቹ ጌሞች ሲከፈቱ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው።

«ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ካርድ መሰካት ነው»

ያዋጣል፤ ግን ቀድማችሁ ክፈቱትና እዩ። የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸው 300 ዋት አይሞላም። መደበኛው ባለ24 ፒን ሶኬት የሌላቸውም ስላሉ በሌላ መቀየር ያስቸግራል። ቀጫጭኖቹ ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ነው የሚይዙት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ ማስገቢያ እስከ 75 ዋት ስለሚሰጥ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ጂቲኤክስ 1650 ምረጡ። አርኤክስ 6500 ኤክስቲን ግን በእነዚህ ላይ አልመክርም። ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ4 የመረጃ መስመር ብቻ ነው። በድሮ ማዘርቦርድ ላይ ፍጥነቱ ይወርዳል።

«ራም 16 ጂቢ ከሆነ በቃ»

ራም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ ነው። አንድ ባለ16 ከምትገዙ ባለ8 ጂቢ ሁለት ግዙ። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ የመረጃው መንገድ እጥፍ ይሆናል፤ በተለይ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ፣ ግራፊክሱ በውስጡ የሆነ ፕሮሰሰር ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁም ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩ። አለዚያ ፍጥነቱ 3200 ነው ብላችሁ የገዛችሁት ራም በዝቅተኛ ፍጥነት ይሠራል።

«ማይኒንግ የሠራ ካርድ አይነካም»

ማይኒንግ ማለት እንደ ኢቴሪየም ያለ ዲጂታል ገንዘብን በኮምፒውተር ማምረት ነው። ኢቴሪየም በሴፕቴምበር 2022 እ.ኤ.አ. በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቆም ብዙ ካርድ ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ገባ። ቀን ከሌሊት መሥራት ብቻውን ካርድ አይገድልም። የሚያረጁት ፋኑና የሙቀት ቅባቱ ናቸው፤ ሁለቱም ይቀየራሉ። እኔን የበለጠ የሚያሰጋኝ በሌላ ካርድ ስም የሚሸጥ ካርድ ነው። የካርዱን ዝርዝር የሚያሳየውን፣ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ለምሳሌ ሙሉው «አርኤክስ 580» ካርድ 2304 ሼደር (ምስሉን የሚያሰሉ ትንንሽ ክፍሎች) አለው፤ 2048 ካሳየ ደካማው ዓይነት ነውና ዋጋው መቀነስ አለበት። ግማሽ ሰዓት ጌም አስኬዱበት፤ ሙቀቱን ተመልከቱ፤ ከዚያ ክፈሉ። ከአዲስ አበባ የገዛችሁትን ለመመለስ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለባችሁና።

«አዲስ አበባ አስገጣጥሜ እንዳለ አመጣዋለሁ»

ይቻላል፤ ግን ግራፊክስ ካርዱን አስነቅሉትና ለብቻው በካርቶኑ ያዙት። ከባድ ካርድ በመንገዱ ንቅናቄ የማዘርቦርዱን ማስገቢያ ሊሰብር ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት ሞኒተራችሁ ምን ዓይነት መሰኪያ እንዳለው እወቁ። የቢሮ አሮጌ ሞኒተሮች ቪጂኤ ብቻ የሆኑ ብዙ ናቸው፤ አርኤክስ 6600 ደግሞ ያለው ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት ነው። መቀየሪያውን እዚያው ግዙ። ቤት ደርሳችሁ ካርዱን ስትመልሱ የኃይል ገመዱን አትርሱ። የሞኒተሩን ገመድም ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ሰኩት።