የመኪና «ጥቁር ሳጥን» ምንድን ነው?

«ራሳቸውን የሚነዱ መኪኖች ሲበዙ የአደጋ ምርመራ ሥራ ያበቃል፤ ጥቁር ሳጥኑ ይከፈትና ጥፋተኛው ይታወቃል» የሚል አስተያየት ደጋግሞ ይነበባል። ይህን የሚጽፉ ሰዎች ሁለት የተለያዩ መዝጋቢዎችን እያደባለቁ ነው። ከሁለቱ አንዱም ጥፋተኛ አይመዘግብም።

አንደኛው ኢዲአር (የክስተት መረጃ መዝጋቢ) ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ መቆጣጠሪያው ውስጥ ያለ ማህደር ነው። ድምፅም ምስልም አይቀዳም፤ የሚይዘው የመኪናውን ፍጥነት፣ የፍሬኑንና የነዳጅ ፔዳሉን ሁኔታ፣ ቀበቶውንና ኤርባጉ የተከፈተበትን ቅጽበት ነው። የአሜሪካ የ2006 ደንብ ከግጭቱ በፊት ያሉትን 5 ሰከንዶች ብቻ፣ በሰከንድ 2 ጊዜ እየለካ እንዲያስቀምጥ ይጠይቃል። በ2024 መጨረሻ የወጣው ማሻሻያ ይህንን ወደ 20 ሰከንድና በሰከንድ ወደ 10 ልኬት አሳድጎታል።

ሁለተኛው ዲኤስኤስኤዲ (መኪናውን ማን ይነዳ እንደነበር የሚይዝ መዝጋቢ) ነው፤ በ2021 ሥራ ላይ በዋለው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 157 የመጣ። መኪናውን በራሱ የሚነዳው ሥርዓት መቼ እንደበራ፣ መቼ እንደጠፋ፣ ነጂው እንዲረከብ መቼ እንደጠየቀ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይጽፋል። የኢዲአር መቀስቀስንም (መረጃ ለማስቀመጥ መነሳቱንም) ይመዘግባል፤ ሁለቱ መዝገቦች የሚገናኙት በዚች መስመር ነው።

ነገሩ እንደ ዘበኞች የፈረቃ ርክክብ ነው። ተረኛው ተተኪውን ይጠራል፣ ቁልፍ ያስረክባል፣ ሰዓቱን ይጽፋል። ተተኪው እስኪደርስ ጠሪው በሩን ጥሎ አይሄድም፤ መኪናውም ነጂው ካልተረከበው በተለመደው ሁኔታ ቢያንስ 10 ሰከንድ መንዳቱን ይቀጥላል። እንግዲህ ነጂው በተጠራ በ6ኛው ሰከንድ መሪውን ይዞ በ7ኛው ተጋጨ እንበል። መዝገቡ «ሰው ይነዳ ነበር» ይላል፤ እውነት ነው። ቁልፉን የተቀበለ ዘበኛ ግን ግቢውን ለመቃኘት 1 ሰከንድ ይበቃዋል? መዝገቡ ይህን አይመልስም። የ5 ሰከንዱ ኢዲአር ደግሞ ጥሪው የተሰማበትን ጊዜ አይዝም፤ ጥሪው ከግጭቱ 7 ሰከንድ በፊት ነበርና። በዚያ ላይ ደንብ ቁጥር 157 የዲኤስኤስኤዲው ሰዓት እስከ 1 ሰከንድ እንዲዛነፍ ይፈቅዳል። የክርክሩ መሠረት የሆነችው ሰከንድ እዚያው መዛነፍ ውስጥ ትገባለች።

ሥርዓቱ ሊጋጭ ሲል ራሱን አጥፍቶ ከቁጥር ያመልጣል የሚሉም አሉ። የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2021 ባወጣው ትእዛዝ ግን ከግጭቱ በፊት በነበሩት 30 ሰከንዶች ውስጥ በርቶ የነበረ ሥርዓት እንደበራ ተቆጥሮ ሪፖርት ይደረጋል። ሆኖም እነዚህን ሪፖርቶች ደምሮ «የዚህ ፋብሪካ መኪና የከፋ ነው» ማለት አይቻልም። ግጭቱን በኔትወርክ ራሱ የሚልክ መኪና ሪፖርቱ ይበዛል፤ የሌላው መኪና ግጭት ግን ሰው ካላመለከተ ላይታወቅ ይችላል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳም ከቁጥሩ ጋር አልቀረበም።

ከሁሉ በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ግን እግረኛው ነው። በአሜሪካው ደንብ ኢዲአር የሚቀሰቀሰው የመኪናው ፍጥነት በ150 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቢያንስ በ8 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲቀየር ነው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ቢመታ የመኪናው ፍጥነት የሚቀንሰው በ2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ሞቶ መዝጋቢው ምንም ላይጽፍ ይችላል። የፖሊስ ንድፍና የሆስፒታል መዝገብ ከሌሉ እግረኛው ከመረጃው ይጠፋል።

ከግጭት በኋላ የኢዲአሩን መረጃ ለምታወርዱ፦ ፍጥነቱ ከጎማ መሽከርከር የሚሰላ ስለሆነ ጎማው ተቆልፎ መኪናው ሲንሸራተት ከእውነተኛው በታች ያሳያል፤ መጠኑ የተለወጠ ጎማም ያዛባዋል። ኤርባግ ያልከፈተ ግጭት መዝገብ በሚቀጥለው ግጭት ሊደመሰስ ስለሚችል መኪናው ተነድቶ ከቦታው እንዲነሳ አትፍቀዱ።